ዱላው ሂሳብ ያውቃል፦ ስለ ምርጫ ሰሞን ግጭት ለጠየቃችሁን

ምርጫ ሲቃረብ ስለሚነሳ ግጭት የደረሱንን ጥያቄዎች በዚህ ዕትም ሰብስበን ይዘናል። ተመሳሳዮቹን አንድ ላይ አጠቃለናል፤ የጠያቂዎችን ስም ሆን ብለን አስቀርተናል። አብዛኛው ምሳሌያችን ከጎረቤት ኬንያ ነው። ኬንያዎች ከየደም መፋሰሱ በኋላ አጣሪ ኮሚሽን እያቋቋሙ ማን ምን እንዳደረገ በወረቀት አስፍረዋል። እኛ ዘንድ እንደዚያ በዝርዝር የተጻፈው ጥቂት ነው። የውጭ አገሮቹ ቀንና ዓመት ሁሉ እ.ኤ.አ. ነው፤ የአገራችን ግን በራሳችን አቆጣጠር ነው።

ጥያቄ፦ በምርጫ ሰሞን የሚነሳው ግጭት ከሕዝቡ ቂም የሚመነጭ ነው ወይስ የሚያደራጀው አለ? «ድሮም አይዋደዱም ነበር» ሲባል እሰማለሁና ነው። (መምህር፣ ከደብረ ብርሃን)

መልስ፦ ቂሙ የለም አንልም። የመሬት ይገባኛል አለ፣ የግጦሽና የውኃ ጠብ አለ። ግን አራት ዓመት ተኝቶ በአምስተኛው ዓመት፣ ያውም የመራጮች ምዝገባ ሲከፈት የሚነቃ ቂም ካዩ፣ ቀስቃሹን ይፈልጉ።

የኬንያ ስምጥ ሸለቆ ጉዳይ ይህን ከሌላው ሁሉ አጉልቶ ያሳያል። እ.ኤ.አ. በጥቅምት 1991 መጨረሻ ናንዲ ውስጥ ሜቴይቴይ በሚባል እርሻ ላይ ጥቃት ተጀመረ። አገሪቱ ወደ መድብለ ፓርቲ ልትመለስ አንድ ወር ያህል ሲቀራት መሆኑ ነው። አጥቂዎቹ ቀይ ወይም ጥቁር ካናቴራ አንድ ዓይነት ለብሰው፣ ፊታቸውን ጭቃ ተቀብተው፣ ቀስትና ፍላጻ ይዘው ይመጡ ነበር። እስቲ ልብ ይበሉ፤ ጎረቤት ከጎረቤቱ በድንገት ሲጣላ ዩኒፎርም የሚያድለው ማነው? የኬንያ ፓርላማ በሊቀ መንበሩ ስም «የኪሊኩ ኮሚቴ» የተባለ አጣሪ ሰይሞ፣ ኮሚቴው በ1992 ባወጣው ሪፖርት የሞቱትን 779 አድርሷቸዋል። ከዚያው ሪፖርት ውስጥ ለእርስዎ ጥያቄ የሚጠቅመው ግን የክፍያ ተመኑ ነው። ከግጭቱ በሰላም ለተመለሰ 500 ሽልንግ፣ ሰው ለገደለ ወይም የሣር ቤት ላቃጠለ ከ1,000 እስከ 2,000፣ ግንብ ቤት ላቃጠለ 10,000። ግንብ ቤት ከሰው ነፍስ ቢያንስ አምስት እጥፍ ይከፈልበት ነበር ማለት ነው።

ለምን ቤት? ሂሳቡ እዚህ ላይ ነው። በ1992ቱ ሕግ ፕሬዚዳንት ለመሆን ብዙ ድምፅ ማግኘት ብቻ አይበቃም፤ ከስምንቱ ክፍላተ ሀገር ቢያንስ በአምስቱ 25 በመቶ ያስፈልጋል። ለገዢው ፓርቲ ሥልጣን የስምጥ ሸለቆ ክፍል በእጁ መቆየት ነበረበት። በዚያ ላይ መራጭ ድምፅ የሚሰጠው በተመዘገበበት ቦታ ብቻ ነው። ለተቃዋሚ ድምፅ ይሰጣል ተብሎ ቤቱ የተቃጠለበት ገበሬ ሸሽቶ ከተማ ቤተ ክርስቲያን ግቢ ሲጠለል መታወቂያው አብሮ ነዷል፤ ቢተርፍም ጣቢያው መቶ ኪሎ ሜትር ወዲያ ነው። ድምፁን ለመስረቅ ኮሮጆ መገልበጥ አላስፈለገም። የገዢው ፓርቲ መሪ ፕሬዚዳንት ሞይ በታኅሣሥ 1992 በ36 በመቶ ገደማ ድምፅ አሸነፉ።

በ1997ም ከምርጫው አራት ወር ቀደም ብሎ፣ በነሐሴ ወር፣ ሞምባሳ አጠገብ ሊኮኒ ላይ ታጣቂዎች ፖሊስ ጣቢያ ሰብረው መሣሪያ ዘርፈው ከመሀል አገር የመጡትን ነዋሪዎች ማሳደድ ጀመሩ። የሚሳደዱት በብዛት ለተቃዋሚ ድምፅ ይሰጣሉ የሚባሉት ነበሩ። ቦታው ተቀየረ፣ ሂሳቡ ያው ነው።

ስለዚህ እርስዎ ለተማሪዎችዎ ሲያስረዱ «ማን ማንን ይጠላል?» ከሚለው ይልቅ «እነዚህ ሰዎች ከዚህ ቦታ ቢጠፉ የየትኛው ወንበር ውጤት ይለወጣል?» በሚለው ቢጀምሩ ይሻላል።

ጥያቄ፦ ናይሮቢ ኢስሊ ውስጥ የልብስ ሱቅ አለኝ። በየምርጫው ሰው ሁሉ «ተጠንቀቅ» ይላል፤ መቼ እንደሆነ ግን የሚነግረኝ የለም። ዓመቱን ሙሉ ሱቅ ዘግቼ አልኖር። (ነጋዴ)

መልስ፦ ትክክል ነዎት፤ ቀን የሌለው ማስጠንቀቂያ ዋጋ የለውም። ደግነቱ የኬንያ ሕግ ቀኑን ራሱ ይነግርዎታል። ምርጫው በየአምስት ዓመቱ በነሐሴ ወር ሁለተኛው ማክሰኞ ላይ ይውላል፤ ቀጣዩ እ.ኤ.አ. ነሐሴ 10 ቀን 2027 ነው። ከዚያ እንዲህ ይቁጠሩ። ውጤት በ7 ቀን ውስጥ መታወጅ አለበት። ውጤቱን የሚቃወም በ7 ቀን ውስጥ አቤቱታ ያስገባል። ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ14 ቀን ውስጥ ይወስናል። ሲደመር ቢበዛ 28 ቀን። ፍርድ ቤቱ ምርጫውን ከሻረ ደግሞ በ60 ቀን ውስጥ ይደገማል። በ2017 የሆነው ይኸው ነው፤ ነሐሴ 8 ተመረጠ፣ መስከረም 1 ተሻረ፣ ጥቅምት 26 ተደገመ።

በምርጫው ሂደት ሦስት ጊዜያት ይከብዳሉ። አንደኛው የፓርቲዎች የውስጥ ዕጩ መረጣ ነው። ብዙ ወራት ቀድሞ ስለሚመጣ ሰው ይዘነጋዋል፤ በየሠፈሩ ድንጋይ መወራወር የሚጀመረው ግን ያኔ ነው። ሁለተኛው ድምፅ ከተሰጠበት ማታ እስከ ውጤት ማወጃ ያለው ጊዜ። ሦስተኛው የማወጃው ሰዓት ራሱ ነው። በ2007 ታኅሣሥ 27 ተመርጦ ውጤቱ ሦስት ቀን ዘገየ። ታኅሣሥ 30 አመሻሽ ላይ በሥልጣን ላይ የነበሩት ፕሬዚዳንት ኪባኪ አሸናፊ ተባሉ፤ አንድ ሰዓት ያህል ሳይቆይ በቤተ መንግሥት ግቢ ቃለ መሐላ ፈጸሙ። አገሪቱ የተቀጣጠለችው በዚያው ሌሊት ነው።

ለሱቁ፦ የተለመደው የእሳት መድን የፖለቲካ ሁከትን አይሸፍንም። «የፖለቲካ ሁከትና ሽብር» የሚባለው ሽፋን ለብቻው ይገዛል። ምርጫው ሲቃረብ ዋጋው ስለሚወጣ ቢያንስ ስድስት ወር ቀድመው ይጠይቁ፤ ውሉ ውስጥ «ዝርፊያ» የሚለው ቃል መኖሩንም በዓይንዎ ያረጋግጡ። ሁከት ተሸፍኖ በሁከቱ መሀል የተዘረፈው ዕቃ ሳይሸፈን የቀረበት ውል አለና። የዕቃ ደረሰኝ፣ የኪራይ ውልና የንግድ ፈቃድ ኮፒ ሱቁ ውስጥ አይቀመጥ፤ ሌላ ሠፈር ካለ ዘመድ ዘንድ አንድ፣ በስልክዎ አንድ። የመኖሪያ ፈቃድዎና ፓስፖርትዎ ግን ምንጊዜም ከኪስዎ አይለዩ።

ዕቃ የሚያስጭኑ ከሆነ ከሞምባሳ በናኩሩና በኤልዶሬት አድርጎ ወደ ኡጋንዳ የሚዘልቀውን መንገድ ያስቡ። በጥር 2008 ያ መንገድ ሲዘጋ፣ ኪቤራ ላይም የባቡር ሐዲዱ ሲነቀል፣ ኡጋንዳና ሩዋንዳ ነዳጅ አጡ። የነሐሴ ጭነትዎን በሐምሌ አጋማሽ ያስገቡ ወይም ወደ መስከረም አጋማሽ ይግፉት። ቤት ውስጥ የአምስት ቀን ምግብና ውኃ፣ የሞባይል ካርድና ጥቂት ጥሬ ገንዘብ ይኑር። ከዚህ በላይ ማከማቸት ሌባ መጥራት ነው።

ጥያቄ፦ የሚገዳደሉት ሁልጊዜ ተቃራኒ ፓርቲዎች ናቸው? (ተማሪ፣ ከጅማ)

መልስ፦ አይደለም፤ በብዙ ቦታ ገዳይና ሟች አንድ ዓይነት የአባልነት ካርድ ይይዛሉ። በደቡብ አፍሪካ ኳዙሉ ናታል ክፍለ ሀገር ከ2016ቱ የአካባቢ ምርጫ በፊትና በኋላ የተገደሉ የምክር ቤት አባላትና ዕጩዎች ጉዳይ ስለበዛ የሞራኔ ኮሚሽን ተቋቁሞ በ2018 ሪፖርቱን አውጥቷል። ጠቡ በአብዛኛው በአንድ ፓርቲ ውስጥ፣ በዕጩዎች ዝርዝር ላይ ነው። ፓርቲው በዚያ ቀበሌ ማሸነፉ አስቀድሞ የታወቀ ከሆነ እውነተኛው ምርጫ የፓርቲው የዕጩ መረጣ ይሆናል። ከፊትህ ያለው ሰው ከዝርዝሩ ከወጣ ወንበሩ ያንተ ነው፤ ከወንበሩ ጋር ደመወዝና ወደ ማዘጋጃ ቤት ጨረታ የሚያስገባ በር አለ። ገዳዩ ደግሞ ቅጥረኛ ነው። በዙሉ ቋንቋ «ኢዚንካቢ» ይሏቸዋል፤ ብዙዎቹ በታክሲ ማኅበራት የመስመር ጠብ የሠለጠኑ ናቸው። አሸናፊው ከወዲሁ በታወቀበት የምርጫ ክልል «እዚህ ፉክክር የለም፣ ሰላም ነው» ማለት ለዚህ ነው የማያስተማምነው።

ጥያቄ፦ የዕድር ጸሐፊ ነኝ። ሠፈራችን ውስጥ «እስከዚህ ቀን ለቃችሁ ውጡ» የሚል ወረቀት ተበትኖ አደረ። በዕድሩ ስብሰባ ላይ ላንብበው ወይስ ዝም ልበል? (ከሐዋሳ)

መልስ፦ በስብሰባ አያንብቡት። የበተነው ሰው አሥር ወረቀት በትኖ የሚፈልገው ሺህ አንባቢ ነው፤ እርስዎ ጮክ ብለው ሲያነቡት ሥራውን ይጨርሱለታል። ዝምታም አይሆንም። መንገዱ መሀል ላይ ነው።

ወረቀቱን በጠርዙ ይዘው ንጹሕ የወረቀት ፖስታ ውስጥ ያስገቡ፤ ፌስታል እርጥበት ይይዛል። ከማስገባትዎ በፊት ፊቱንና ጀርባውን ፎቶ ያንሱ፣ መጠኑ እንዲታወቅ አጠገቡ ሳንቲም ያስቀምጡ። ከዚያ በዕድሩ መዝገብ ሳይሆን በተለየ ደብተር ይጻፉ፦ የተገኘበት ቀንና ሰዓት፣ ትክክለኛው ቦታ («ሠፈር ውስጥ» ሳይሆን «ከወፍጮ ቤቱ በስተ ግራ ሦስተኛው አጥር ሥር»)፣ ስንት ቅጂ፣ በእጅ የተጻፈ ወይስ የታተመ፣ ማንን እንደሚጠራ፣ የቀን ገደብ መኖር አለመኖሩ። ገጹን በመስመር ለሁለት ይክፈሉትና በአንዱ ያዩትን፣ በሌላው የሰሙትን ያስፍሩ። ይህን ሁለቱን መደባለቅ ነው ብዙ ጥቆማ ዋጋ የሚያሳጣው፤ ፖሊሱ አንዱን አጣርቶ ሐሰት ሲያገኘው እውነተኛውንም አብሮ ይጥለዋል።

በሁለት ገጽ ማመልከቻ አድርገው ለፖሊስና ለምርጫ ክልሉ ጽሕፈት ቤት ያስገቡ፤ አንድ ቅጂ ደግሞ ለኢትዮጵያ ሰብአዊ መብቶች ኮሚሽን፣ ሐዋሳም ጽሕፈት ቤት አለው። በእርስዎ እጅ በሚቀረው ቅጂ ላይ የገቢ ቁጥር፣ ቀንና ማኅተም ያስመቱ። ማኅተም የሌለው ማመልከቻ በኋላ «አልደረሰንም» ይባላል። ዛቻው የተነጣጠረባቸውን ቤተሰቦች ለብቻቸው፣ በየቤታቸው ይንገሩ፤ ስማቸውን ግን በሚዞር ወረቀት ላይ አይጻፉ።

አንድ ወረቀት ብቻውን የጎረምሳ ቀልድ ሊሆን ይችላል። ሌሎች ምልክቶች ሲደረቡበት ነው የሚያሳስበው፦ ሰዎች በሬና ላም በግማሽ ዋጋ መሸጥ ሲጀምሩ፣ ልጆች ወደ ዘመድ ሲላኩ፣ በር ላይ ምልክት ሲደረግ፣ የማይታወቁ ወጣቶች በመኪና መጥተው ሲያድሩ፣ ገጀራና ቤንዚን በጅምላ ሲገዛ። ቃላቱንም ይስሙ። ከ2007ቱ የኬንያ ምርጫ በፊት በስምጥ ሸለቆ «ማዶአዶአ» የሚለው የስዋሂሊ ቃል ይዘወተር ነበር። ነጠብጣብ፣ እድፍ ማለት ነው፤ ነገሩ የልብስ ማጽዳት እንዲመስል። እኛ ዘንድ «መጤ» እና «ሰፋሪ» የሚባሉት ቃላት በቅስቀሳ መድረክ ላይ መሰማት ሲጀምሩ ያንኑ ሥራ ይሠራሉ። ከዚያ ምርጫ በኋላ የተነሳውን ሁከት ያጣራው የዋኪ ኮሚሽን በ2008 ሪፖርቱ እንዳመለከተው የኬንያ የደኅንነት መሥሪያ ቤት ሁከት እንደሚነሳ አስቀድሞ መረጃ ነበረው። መረጃው አልጠፋም፤ የሚሠራበት ጠፋ እንጂ። ማኅተም አስመቱ የምንለውም ለዚሁ ነው።

ጥያቄ፦ በቤተሰብ ግሩፓችን በየቀኑ የሚያስለቅስ ቪዲዮ ይላካል። የቱ እውነት እንደሆነ እንዴት ልለይ? (ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ)

መልስ፦ በመጀመሪያ አላላኩን ይዩ። ዋትሳፕ ላይ መልእክቱ ሁለት ተደራራቢ ቀስት ካለው ብዙ እጅ ዞሮ የመጣ ነው፤ ወደ ሌላ ሲልኩትም በአንድ ጊዜ ወደ አንድ ሰው ወይም ግሩፕ ብቻ ይፈቅድልዎታል። የላከልዎትን ዘመድ «ማን ቀረጸው?» ብለው ይጠይቁ። መልሱ «ከግሩፕ ነው» ከሆነ ምንጭ የለውም ማለት ነው።

ከዚያ ድምፁን አጥፍተው ይዩት። ቪዲዮዎች የሚሰረቁት ከሌላ ጊዜና ቦታ ሆነው አዲስ የአማርኛ ወይም የኦሮምኛ ድምፅ ስለሚለጠፍባቸው፣ ድምፁ ሲጠፋ ዓይን ይሠራል። የመኪና ታርጋ፣ የሱቅ ጽሑፍ፣ የፖሊስ ልብስ፣ የመብራት ምሰሶ። ወቅቱንም ይመልከቱ፤ «ዛሬ ሰኔ ላይ ከጎጃም» የተባለ ቪዲዮ ውስጥ ሣሩ ደርቆ ገለባ ከመሰለ፣ ወይ ሰኔ አይደለም ወይ ጎጃም አይደለም። ከዚያ ጉልህ የሆኑ ሦስት አራት ቦታዎች ላይ አቁመው ስክሪንሾት ያንሱና በጉግል ሌንስ ይፈልጉ። አንድ ብቻ አንስተው «አላገኘሁም» አይበሉ። አዲስ የተቀረጸ ከሆነ ፍለጋው ምንም ላያመጣ ይችላል፤ አለመገኘቱ እውነት መሆኑን አያረጋግጥም።

ቪዲዮው እውነት ቢሆንስ? የሟች ፊት፣ የተጎጂ ስም፣ ሰዎች የተሸሸጉበት ግቢ የሚታይ ከሆነ አይላክ። የምርጫ ሰሞን ቪዲዮ ሀዘን ለመግለጽ ተልኮ ለበቀል አድራሻ ሆኖ ያገለግላል።

አገር ቤት ያሉት ዘመዶችዎ ሕጉንም ይወቁት። በአዋጅ ቁጥር 1185/2012 የጥላቻ ንግግር እስከ ሁለት ዓመት እስራት ወይም እስከ 100,000 ብር መቀጮ ያስከትላል፤ በንግግሩ ምክንያት ጥቃት ከደረሰ እስራቱ እስከ አምስት ዓመት ይሄዳል። ሐሰተኛ መረጃን በተመለከተ ከ5,000 በላይ ተከታይ ባለው የማኅበራዊ ሚዲያ ገጽ የተሠራጨ እንደሆነ ቅጣቱ ይከብዳል። ይህ አዋጅ ተቺዎችን ዝም ለማሰኘት ሊውል ይችላል የሚል ስጋት ሲወጣ ጀምሮ ነበር፤ ስጋቱን እኛም እንጋራለን። ቢሆንም ዘመድዎ ያልቀረጸውን ቪዲዮ አጋርቶ እንዲታሰር አይፈልጉም።

ጥያቄ፦ ምርጫውን ማራዘም ግጭት አያስቀርም? (ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ ሁሉም ከተስማማበት ሊያስቀር ይችላል፤ ካልተስማማበት ራሱ የግጭት ምክንያት ይሆናል። የ2012ቱን አንርሳ። ለነሐሴ 23 የተያዘው ምርጫ በኮቪድ ምክንያት ተራዘመ፣ ትግራይ ጳጉሜን 4 ቀን የራሷን ምርጫ አካሄደች፣ አንዱ ሌላውን «ሕጋዊ አይደለህም» አለ፣ ጥቅምት 24 ቀን 2013 ጦርነቱ ጀመረ። ጦርነቱን ያመጣው መራዘሙ ብቻ ነው ማለታችን አይደለም።

ጥያቄ፦ ጡረታ የወጣሁ ፖሊስ ነኝ። ምርጫ ሲደርስ ኃይል ማብዛት ነው መድኃኒቱ ሲባል እሰማለሁ። እናንተስ? (ከአዳማ)

መልስ፦ እርስዎ ከእኛ ይልቅ ያውቁታል፤ ቁጥሩን ግን እናካፍልዎ። በኬንያ በ2007ቱና በ2008ቱ ሁከት የሞቱት 1,133 መሆናቸውን የዋኪ ኮሚሽን መዝግቧል። ከእነዚህ 405ቱ፣ ከሦስቱ አንድ በላይ ማለት ነው፣ በጥይት የሞቱ ናቸው፤ ጥይቱ በአብዛኛው የፖሊስ ነበር። በእኛም አገር በምርጫ 97 ማግስት በሰኔና በጥቅምት የተፈጸመውን እንዲያጣራ የተቋቋመው ኮሚሽን 193 ሲቪሎችና 6 ፖሊሶች መገደላቸውን፣ 763 ሰዎች መቁሰላቸውን ነው ያገኘው። የኃይሉ ብዛት ሳይሆን በእጁ የያዘው ነው ልዩነቱ። ከዱላና ከጋሻ ቀጥሎ ያለው ምርጫ ክላሽ ብቻ የሆነ ፖሊስ፣ ድንጋይ ሲበዛበት ወደ ክላሹ ይሄዳል።

ህንዶች ሌላ ዘዴ አላቸው። ምርጫውን በአንድ ቀን አያካሂዱም፤ በ2024 በሰባት ዙር ከሚያዝያ 19 እስከ ሰኔ 1 (እ.ኤ.አ.) ነው ያካሄዱት። አንዱ ምክንያት የማዕከላዊ መንግሥቱን ኃይል ከክልል ክልል ማዘዋወር እንዲቻል ነው። የአካባቢው ፖሊስ የአካባቢው ባለ ሥልጣን ታዛዥ ነው፤ ከሌላ ክልል የመጣው የማንም ወንድም አይደለም። ፈቃድ ያለው የግል መሣሪያም በምርጫው ወራት ወደ ፖሊስ ጣቢያ እንዲገባ ያዛሉ። መዘዙ ደግሞ ይኸውና፤ በመጀመሪያው ዙር ድምፅ የሰጠ ሰው ውጤት ለመስማት ስድስት ሳምንት በላይ ይጠብቃል። የህንድ ምርጫ ኮሚሽን ያህል የሚታመን አካል በሌለበት አገር ስድስት ሳምንት ሳጥን ማስቀመጥ ሌላ ጣጣ ነው።

የድምፅ መስጫ መሣሪያቸው ላይም አንድ ብልሃት አለ። መሣሪያው በደቂቃ ከአራት በላይ ድምፅ እንዳይቀበል ሆኖ ተሠርቷል። ድሮ ወሮበሎች ጣቢያ ወርረው በደቂቃዎች ውስጥ ወረቀቱን ሁሉ አትመው ይሄዱ ነበር። አሁን አንድ ሺህ ድምፅ ለመጠቅጠቅ ከአራት ሰዓት በላይ መቀመጥ አለባቸው፤ እስከዚያ የጣቢያው ኃላፊ አንዲት ቁልፍ ተጭኖ መሣሪያውን ይዘጋዋል።

ጥያቄ፦ የምረጡኝ ሰልፍ ልናዘጋጅ ነው። ከሌላው ፓርቲ ደጋፊ ጋር እንዳንጋጭ ምን እናድርግ? (አስተባባሪ፣ ከባሕር ዳር)

መልስ፦ አዋጅ ቁጥር 3/1983 ሰልፉ ከሚደረግበት 48 ሰዓት በፊት በጽሑፍ እንድታሳውቁ ያዛል። አስተዳደሩ ቦታው ወይም ጊዜው ይለወጥ ካለ ምክንያቱን በጽሑፍ፣ በ12 ሰዓት ውስጥ መስጠት አለበት። በቃል «አይቻልም» ከተባላችሁ ያንኑ በጽሑፍ ጠይቁ፤ ያለ ወረቀት አትመለሱ። እናንተ ግን 48ቱን ሰዓት አትጠብቁ። ከሌላው ፓርቲ አስተባባሪ ጋር ስልክ ተለዋውጣችሁ መንገዳችሁን ከሳምንት በፊት አስተያዩ። ሰልፍ የሚጋጨው መሀል መንገድ ላይ አይደለም፤ ከተበተነ በኋላ ባንዲራና ካናቴራ ይዞ በጠባብ መንገድ ወደ ቤቱ የሚመለስ ቡድን ከሌላው ቡድን ጋር ሲገጥም ነው። ማብቂያውን ከመሸ በኋላ አታድርጉ፣ መመለሻ መኪናዎቹን ከመበተኛው ቦታ አጠገብ አቁሙ፣ ለእያንዳንዱ ሃምሳ ሰው ያህል ፊቱ የሚታወቅ አንድ ሥርዓት አስከባሪ መድቡ። የሌላውን ፓርቲ ፖስተር የሚቀድ የራሳችሁን ሰው ያኔውኑ ከሰልፉ አውጡት። ብዙ ጠብ በአንድ የተቀደደ ፖስተር ተጀምሯል።

ጥያቄ፦ የፓርቲ ወኪል ሆኜ ምርጫ ጣቢያ ልቀመጥ ነው። ውጤቱ በጣቢያው በር ላይ መለጠፉ ግጭት ያበርዳል ይባላል። እውነት ነው? እኔስ ምን ላድርግ? (ከድሬዳዋ)

መልስ፦ በትልቁ ሲታይ እውነት ነው። በ2007 የኬንያን ምርጫ ያቃጠለው በጣቢያ የተቆጠረውና ናይሮቢ ላይ የተነበበው ቁጥር አለመመሳሰሉ ነው። በዳኛ ክሪግለር የተመራው ኮሚሽን ነገሩን መርምሮ ማን እንዳሸነፈ ማወቅ አይቻልም እስከማለት ደርሷል። በ2022 የተደረገውን እዩ። የእያንዳንዱ ጣቢያ ውጤት «34ኤ» በሚባል ቅጽ ተሞልቶ ፎቶው ሁሉም በሚያየው ድረ ገጽ ላይ ተለቀቀ፤ ጣቢያዎቹ 46,229 ነበሩ። ተፎካካሪዎቹ ሩቶና ኦዲንጋ 50.49 ለ48.85 በመቶ ተለያዩ፣ ከሰባቱ ኮሚሽነሮች አራቱ ውጤቱን አንቀበልም ብለው ወጡ፣ እንዲያም ሆኖ ጠቡ ፍርድ ቤት ገባ እንጂ እንደ 2007ቱ አገር አላቃጠለም። ማንም በስልኩ ደምሮ ማየት ይችል ነበርና።

ግን ሌላ ፊት አለው። ዚምባብዌ በመጋቢት 2008 ውጤቱን በየጣቢያው በር ላይ ለጠፈች። ፕሬዚዳንት ሙጋቤ 43.2፣ የተቃዋሚው መሪ ቻንጊራይ 47.9 በመቶ አግኝተው ሁለተኛ ዙር ሲወሰን፣ የገዢው ፓርቲ ሰዎች የትኛው መንደር «እንደከዳ» ለማወቅ የተለጠፈውን ማንበብ ብቻ በቃቸው። እስከ ሰኔ ድረስ የተደበደቡትና የተቃጠሉት መንደሮች እነዚያው ነበሩ። ቻንጊራይ ሰኔ 22 ከውድድሩ ወጡ። በአንድ ጣቢያ ጥቂት መቶ ሰው ብቻ ከመረጠ ምስጢራዊነቱ የግለሰብ እንጂ የመንደር አይደለም። ህንድ ውስጥ ይህን ለመሸፈን የ14 መሣሪያዎችን ድምፅ ደባልቆ የሚቆጥር «ቶታላይዘር» የሚባል ዕቃ የምርጫ ኮሚሽኑ በ2008 አቅርቦ ነበር፤ ሥራ ላይ ግን አልዋለም። እኛ ከሁለቱ ምረጡ ብንባል መለጠፉን እንመርጣለን፤ ተመራጩ የሚታወቀው በመጀመሪያው ዙር በሆነበት እንደኛ ባለ ሥርዓት የበቀሉ ምክንያት ያንሳል። የምታገለግልበት ጣቢያ ግን ትንሽ የገጠር ጣቢያ ከሆነ «እዚህ 11 ሰው ብቻ ነው የከዳን» የሚል ቀልድ ከአፍህ አይውጣ።

አንተ ደግሞ ጧት ጣቢያው ከመከፈቱ በፊት ግባ፣ ሳጥኑ ባዶ ሆኖ ሲታሸግ እይ፣ የመዝጊያውን ተከታታይ ቁጥር ጻፍ። የመጡትን የድምፅ መስጫ ወረቀቶች ብዛት በቁጥር መዝግብ። ማታ ከሳጥን የወጡት፣ የተበላሹትና ያልተጠቀሙባቸው ሲደመሩ ከመጡት ጋር እኩል መሆን አለባቸው፤ አንድ ሁለት ካነሰ በቃለ ጉባኤ ይጻፍ፣ ሃምሳ ካነሰ ቆጠራው እንዲደገም ጠይቅ። ብዙ ወኪል የሚሸነፈው በድካም ነው። ከምሽቱ 3 ሰዓት ላይ «እራቴን በልቼ ልምጣ» ይላል፣ ሲመለስ ቅጹ ተፈርሟል። ስለዚህ ሁለት ሆናችሁ በየተራ ውጡ፣ ዳቦና ውኃ ያዙ። ቅር ቢልህም ጥለህ አትውጣ፤ ቅሬታህን በጽሑፍ አስይዝና እዚያው ቆይ።

ቅጹን ፎቶ ስታነሳ አራቱም ጠርዝ፣ የጣቢያው መለያ፣ ቁጥሩ በአኃዝና በፊደል፣ ፊርማዎቹና ማኅተሙ ይታዩ። ከላይ ቀጥ ብለህ፣ ጥላህ ሳይወድቅበት አንሳ። መስኮት ላይ ከተለጠፈ በኋላ መስታወቱ ያብለጨልጫል፤ ገና ጠረጴዛ ላይ ሳለ ጠይቀህ አንሳው። የስልክህ ባትሪ እስከዚያ ሰዓት ካልቆየ ቀኑን ሙሉ መቀመጥህ ከንቱ ነውና ፓወር ባንክ ይዘህ ግባ፣ ስልክህንም እስከ ምሽት አጥፋው።